አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፤ ቤት ከገዛ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። «ወንድሜ፣ እስቲ ብቅ በልና ይቺን ነገር እይልኝ» አለኝ። ሄድኩ። ድራይቭዌዩ ላይ፣ ማለትም ከመንገዱ ወደ ጋራዡ በሚያስገባው አስፋልት ላይ፣ ሁልጊዜ መኪናውን በሚያቆምባት ቦታ፣ ትሪ የሚያህል ስፍራ ጎድጉዷል። ጠጠሩ ተነቃቅሏል። በጫማዬ ጫፍ ነካ ባደርገው እንደ ቆሎ ተበተነ።

ጣጣው የጀመረው በጥቂት የዘይት ጠብታ ነው። መኪናው ከስር ያንጠባጥብ ነበር። ወዳጄ አገር ቤት ጋራዥ ውስጥ እጅም ዕቃም በቤንዚን ሲታጠብ እያየ ነው ያደገው። ስለዚህ እድፉ ላይ ቤንዚን አፍስሶ በብሩሽ ፈተገው። እድፉ ለቀቀለት። በሳምንቱ ደገመው። በሦስተኛው ጊዜ አስፋልቱ ራሱ መልቀቅ ጀመረ።

ይህ በብዙዎቻችን ላይ ሊደርስ የሚችል ነው። ያደግነው ግቢው ሊሾ፣ ኮብልስቶን ወይም አፈር በሆነ ቤት ነው። አስፋልት የመንገድ ነው፤ የሚጠግነውም መንግሥት ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ከመንገዱ እስከ ጋራዡ በር ያለው አስፋልት የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲና ኡበር የሚሠራ ወገናችን ብዙ ነው። መኪናው ብዙ ማይል ይሄዳል። ብዙ የሄደ መኪና ደግሞ አንድ ቀን ማንጠባጠቡ አይቀርም። ተከራይ ከሆናችሁ እድፉ ከማስያዣው ገንዘብ ሊያስቆርጥባችሁ ይችላል። የሰፈር ማኅበር ያለበት ታውንሃውስ ከሆነም «አጽዱ» የሚል ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል።

ከሁሉ በፊት ይቺን ያዙልኝ፦ አስፋልት ሲሚንቶ አይደለም። አስፋልት በክብደቱ ከመቶ 95 እጅ ገደማ ጠጠርና አሸዋ ነው። የቀረው 5 እጅ ገደማ ጠጠሩን አጣብቆ የያዘው ሬንጅ ነው። ሬንጅ ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ከባዱ ክፍል ነው። የሞተር ዘይት፣ ቤንዚን፣ ናፍጣና ላምባም የወጡት ከዚያው ከድፍድፉ ነው። የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሲገናኙ ይዋሃዳሉ። ሲሚንቶ ላይ የፈሰሰ ዘይት መልክ ያበላሻል እንጂ ሲሚንቶውን አያሟሟውም። አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት ግን ማጣበቂያውን ቀስ እያለ ያሟሟል። ቤንዚን ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ያንኑ ይሠራል። ለሲሚንቶ የተሰጠ ምክር ሁሉ ለአስፋልት የማይሆነው ለዚህ ነው።

እድፉን ታጸዱታላችሁ፣ እዚያው ቦታ ይመለሳል

በዚህ የምጀምረው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚደክም ነው። እድፉ ከተመለሰ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ መኪናው አሁንም ያንጠባጥባል፣ ወይ አስፋልቱ ውስጥ የሰረገው ዘይት ፀሐይ ሲያሞቀው ወደ ላይ ይወጣል።

መለየት ቀላል ነው። ማታ መኪናውን ስታቆሙ ከስሩ ሰፊ ካርቶን ዘርጉ። ነጭ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው። የፊት ጎማዎቹ የት እንዳሉ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ጠዋት መኪናውን አንቀሳቅሱና ካርቶኑን ተመልከቱ። ቀለሙና ቦታው ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

ጠብታው ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ከሞተሩ ስር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቅርብ ጊዜ ሰርቪስ አስደርጋችሁ ከነበረ መጀመሪያ ሁለት ቦታ አስፈትሹ። አንደኛው የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ነው፤ በደንብ ሳይጠብቅ ወይም ቀለበቱ ሳይቀየር ቀርቶ ይሆናል። ሁለተኛው ፊልትሮው ነው። አንዳንዴ የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ በላዩ ይታሰራል። እንዲህ ሲሆን ዘይቱ በጠብታ ብቻ ላይቆም ይችላል፤ ድንገት ሊዘረገፍ ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት። ከሰርቪስ ጋር ካልተያያዘና መኪናው የቆየ ከሆነ፣ ከላይ ያለው የቫልቭ ክዳን ጋስኬት (ዘይት እንዳያልፍ መጋጠሚያውን የሚዘጋው) ደርቆ ሊሆን ይችላል። ይህ በብዙ መኪና ላይ የሚታይ ነው፤ ከባድ ወጪም አይጠይቅም።

ቀይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የካምቢዮ ዘይት ነው። ሲያረጅ ወደ ቡናማ ይሄዳል። አንዳንድ መኪና ያንኑ ቀይ ዘይት ለመሪው ይጠቀማል፤ ያን ጊዜ ጠብታው ወደ ፊት ጠጋ ይላል።

ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ቀጭን፣ ጣት ላይ የሚያንሸራትት ፈሳሽ ጎማ አጠገብ ካያችሁ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። ያን ቀን እድፉን እርሱት። መኪናውን አትንዱት፤ መካኒክ ጥሩ ወይም አስጎትቱት።

አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው ኩላንት፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ኩላንት ሬንጁን አያሟሟም፤ አስፋልቱን በተመለከተ ስጋት የለም። ነገር ግን አብዛኛው ኩላንት ውስጥ ያለው ኬሚካል መርዝ ነው። ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፤ ሕፃንም ሊነካው ይችላል። ሳትውሉ ሳታድሩ አድርቃችሁ አንሱት።

በሙቀት ወራት ኤሲ ከፍታችሁ ከነዳችሁ በኋላ ንጹህ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ካያችሁ ደግሞ ጤናማ ነው። አየሩን ሲያቀዘቅዝ የሚጠራቀም ውሃ ነው።

መካኒክ እስክታገኙ ድረስ ከስሩ ትሪ አስቀምጡ። ለዚህ የሚሸጥ የብረት ትሪ አለ፤ አሮጌ የኬክ መጋገሪያም ይሠራል፤ ውስጡ ካርቶን ወይም አሸዋ አድርጉበት። ማንጠባጠቡ ሳይቆም ማጽዳት ጉልበት መጨረስ ነው።

ካርቶኑ ጠዋት ንጹህ ሆኖ ሳለ እድፉ ግን ከተመለሰ፣ ምክንያቱ የሰረገው ዘይት ነው። መፍትሄውን ስለ ቆየ እድፍ ስጽፍ እመጣበታለሁ።

ዘይቱ ገና እርጥብ ነው፣ ያብለጨልጫል

አሁን ፈሰሰ እንበል። ዘይት ስትቀይሩ ገንዳው ተደፋ። የመጀመሪያው ስሜት የውሃ ቱቦ መክፈት ነው። እባካችሁ አትክፈቱ። ውሃ ዘይቱን አያነሳም፤ ያሰፋዋል እንጂ። ሳህን የምታህለው እድፍ ምንጣፍ ታህላለች።

መጀመሪያ በአሮጌ ጨርቅ ወይም በወረቀት ፎጣ ከላይ ጫን እያላችሁ ምጠጡት። አትሹት። ከዚያ የሚመጥ ነገር ደፍዱበት። እዚህ አገር ርካሹና ጥሩው ለድመት መጸዳጃ የሚሸጠው የሸክላ አሸዋ ነው። ሲረጥብ የማይጓጉለውን፣ ተራውን ግዙ። ሰጋቱራ ካላችሁ ይሠራል፤ አገር ቤት ጋራዦች ወለላቸውን የሚያደርቁት በእሱ ነው። ደረቅ አሸዋም ያግዛል። ለትንሽ ጠብታ የቤኪንግ ሶዳ ወይም የበቆሎ ዱቄት ይበቃል።

ውፍረቱ አንድ ጣት ያህል ይሁን። ከዚያ በጫማችሁ ሶል ረግጣችሁ ፍጩት። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም፤ ትልቁ ልዩነት ያለው ግን እዚህ ነው። የአስፋልት ገጽ ስርጉድ ስርጉድ ያለ ነው። ዘይቱ የተቀመጠው ጠጠሮቹ መሃል ነው። ሲፈጭ ዱቄቱ እዚያ ድረስ ይወርዳል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ተዉት፤ 24 ሰዓት ቢቆይ ይሻላል። ጥረጉትና እዩት። ዱቄቱ በሙሉ ጠቁሮ ከሆነ ድገሙት። ንጹህ ሆኖ መነሳት እስኪጀምር ድረስ ወደ ሳሙና አትሂዱ።

የፈሰሰው ቤንዚን ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። ሲጋራ፣ ክብሪት፣ የበራ ግሪል አካባቢው እንዳይኖር። ያንኑ የሸክላ አሸዋ ወዲያው ድፉበት፤ ግን ጋራዥ ውስጥ አታስቀምጡት፣ ትነቱ ይቀጣጠላል። ቤንዚን የነካው አስፋልት ለጥቂት ጊዜ ይለሰልሳል። ትንሽ ከሆነ ቤንዚኑ ሲተን ይጠነክራል። እስከዚያው መኪና አታቁሙበት፤ ክሪክም አትትከሉበት፣ ይሰምጣል።

ደርቋል፣ ግን ጥቁር ሆኖ ቀርቷል

የቀናት ወይም የሳምንታት እድፍ ነው። ላይ ያለው ደርቋል፤ የቀረው ጠጠሩን የለበሰ ስስ ዘይት ነው። ለዚህ የሚሆነው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው። ዶውን በሉት፣ ሌላም ይሁን፣ ሥራው አንድ ነው፦ ዘይቱን በጥቃቅን ይከፋፍልና ውሃ እንዲሸከመው ያደርጋል። ሬንጁን ግን አያሟሟም።

ቦታውን በደንብ ጥረጉ። ሳሙናውን በቀጥታ እድፉ ላይ አፍስሱ፤ ውሃ አትጨምሩ። ላዩ ላይ ጥቂት የልብስ ዱቄት ሳሙና ነስንሱ። አሁን ለብ ያለ ውሃ በትንሽ በትንሹ ጨምራችሁ እንደ ሊጥ አድርጉት። ሃያ ደቂቃ ያህል ተዉት፤ እንዳይደርቅ ብቻ ተጠንቀቁ። ከዚያ ጠንካራ የናይለን ብሩሽ ይዛችሁ በክብ ፈትጉ። የሽቦ ብሩሽ አይሆንም፤ ጠጠሩን ይነቅላል። የፈላ ውሃም አይሆንም። ሬንጅ በሙቀት ይለሰልሳል፤ በሐምሌ ቀትር ላይ የፈላ ውሃ ጨምራችሁ በብሩሽ ስትፈትጉት አስፋልቱን ማረስ ይሆናል። ይህን ሥራ ጠዋት በቅዝቃዜ ሥሩት።

አረፋው ሲጠቁር በቱቦ ከማጠብ ይልቅ እንደገና የሸክላ አሸዋ ድፉበትና አረፋውን አስመጥጡት። ጥረጉት፣ በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉት። መጨረሻ ላይ ብቻ በጥቂት ውሃ አለቅልቁት። ለምን እንዲህ እንደምል ስለ ዝናቡ ስጽፍ ታዩታላችሁ።

አንድ ጊዜ አይበቃም። ሁለቴ ሦስቴ ስትሉ ይደበዝዛል። አስፋልት ራሱ ጥቁር ስለሆነ ያግዛችኋል፤ ሙሉ በሙሉ መጥፋት የለበትም። ጣታችሁን ስታሹበት ቅባት ካልወጣ ሥራው አልቋል።

ኮካኮላ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ውስጡ ቀላል የፎስፈሪክ አሲድ አለ፤ ስስ እድፍ ትንሽ ሊያደበዝዝ ይችላል። ነገር ግን ስኳሩ ይጣበቃል፣ ጉንዳን ይጠራል፣ ስለዚህ መልሳችሁ በሳሙና ማጠብ አለባችሁ። እኔ ከመጀመሪያው ሳሙናውን እመርጣለሁ።

የግፊት ውሃ ማሽን ያላችሁ ወይም የምትከራዩ ካላችሁ የአፈሙዙን ቀለም እዩ። ቀዩ ውሃውን እንደ መርፌ አቅጥኖ ያወጣል፤ አስፋልት ይቆርጣል። ነጩን፣ 40 ዲግሪ የሚበትነውን፣ ተጠቀሙ። ከመሬቱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ራቁ፤ አንድ ቦታ ላይም አትቁሙ። ጠጠር ሲፈናጠር ካያችሁ አቁሙ።

ምን አይደፋበትም

ቤንዚን። ናፍጣ። ላምባ። ቲነር። አሴቶን። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ። ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬዮችም እንደዚያው፤ ደብልዩ ዲ 40 ራሱ ከነዳጅ የተሠራ ነው። ሁሉም እድፉን ያስለቅቃሉ፤ ሲያስለቅቁ ግን ሬንጁንም ይዘውት ይሄዳሉ። ድሮ የአስፋልት ሠራተኞች ትኩሱ አስፋልት ገልባጩ መኪና ላይ እንዳይጣበቅ አልጋውን ናፍጣ ይቀቡት ነበር። አስፋልቱን ስለሚያበላሽ ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የመንገድ ሥራ ላይ ክልክል ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ግን የብርቱካን ሽታ ያለው ማጽጃ ነው። «ተፈጥሯዊ» ተብሎ ይሸጣል። ከብርቱካን ልጣጭ የሚወጣው ሊሞኒን የተባለው ዘይት ሬንጅን ከሚያሟሙት አንዱ ነው፤ መኪና ላይ የተጣበቀ ሬንጅ ማስለቀቂያ ሆኖም ይሸጣል። ተፈጥሯዊ መሆኑ አስፋልታችሁን አያድነውም። ማጽጃ ከገዛችሁ በውሃ የተሠራ መሆኑንና ለአስፋልት ይሆናል መባሉን ጣሳው ላይ አንብቡ።

ከተጠራጠራችሁ ሞክሩት። እድፍ የሌለበት አንድ ጥግ ምረጡ። ማጽጃውን ጠብ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ቆዩ። በነጭ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ጥረጉት። ጨርቁ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ቀለም ከወጣ፣ ያ ዘይት አይደለም፤ ሬንጃችሁ ነው። ማጽጃውን ለሲሚንቶ አቆዩት።

የቆየ፣ የሰረገ እድፍ

ወራት ያስቆጠረ እድፍ በመፈተግ ብቻ አይለቅም። ዘይቱ ታች ነው፤ ከታች መሳብ አለበት። የሸክላውን አሸዋ በጡብ ወይም በመዶሻ አድቅቁት። ከዕቃ ሳሙናና ከጥቂት ውሃ ጋር አቡኩት። እድፉ ላይ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አወፍራችሁ ለጥፉት፣ በላስቲክ ሸፍኑት፣ ዳርና ዳሩን በድንጋይ ያዙት። ሌሊቱን ሳሙናው ይሠራል። በማግስቱ ላስቲኩን አንሱና በፀሐይ ይድረቅ። ሲደርቅ ዘይቱን ወደ ላይ ይስባል። ጥረጉትና ድገሙት። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ካየሁት ሁሉ ይህ ነው ያለ ጉዳት የሚሠራው።

ሌላው አማራጭ ዘይት የሚበሉ ባክቴሪያዎች ያሉበት ዱቄት ነው። በእርግጥም ይሠራል፤ ዘይቱን እንደ ምግብ ይፈጩታል። የሚፈልጉት እርጥበት፣ ሙቀትና ጊዜ ነው። ቦታውን እርጥብ አድርጎ ለሳምንታት መጠበቅ ነው። በክረምት ብርድ አትሞክሩት።

ግሪስ፣ የምግብ ዘይትና የሳምቡሳ መጥበሻ

ወፍራም ግሪስ ከጎማ አካባቢ ሲወድቅ አትፈትጉት፤ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። በረዶ በላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጡበት። ሲጠጥር በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሳል። የቀረውን በሳሙና። ግሪስ ጎማው ውስጠኛ ጎን ላይ ተረጭቶ ካያችሁ ወደ ጎማው የሚሄደው የአክሱሉ ላስቲክ ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ለመካኒክ አሳዩ።

የምግብ ዘይቱ የእኛው ጉዳይ ነው። ምረቃ ወይም ማኅበር ሲኖር ቤቱ እንዳይሸት ብለን ሳምቡሳውን ደጅ እንጠብሳለን። ድስቱ ይፈነጥቃል፣ አንዳንዴም ይደፋል። የምግብ ዘይት እንደ ቤንዚን በአንዴ አያሟሟም፤ ቢሆንም እያደረ ሬንጁን ያለሰልሳል፣ ላዩም እየተጣበቀ አቧራ ይሰበስባል። ትኩስ ሆኖ ከፈሰሰ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፤ በትኩሱ አትቅረቡት። ከዚያ እንደ ሌላው ዘይት በሚመጥ ነገር አንሱት። ለቀጣዩ ግን ከምድጃው ስር ወፍራም ካርቶን፣ በላዩም አሸዋ አንጥፉ። ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው።

ዝናብ ሲዘንብ ቀስተ ደመና ይታያል

ውሃው ላይ የሚታየው ባለ ብዙ ቀለም ብልጭታ ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ከአስፋልቱ ቀዳዳ ውስጥ ውሃው ያወጣው ነው። ትርጉሙ አንድ ነው፦ እድፉ የጸዳ መሰለ እንጂ ዘይቱ አለ። የሰረገውን እድፍ መፍትሄ ተጠቀሙ።

ያ ብልጭታ ወዴት እንደሚሄድ ግን አንድ ቀን ተከትላችሁ እዩት። በመንገዱ ዳር ወርዶ የጎርፍ መውረጃው ውስጥ ይገባል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሰፈሮች ያ ቱቦ ብዙውን ጊዜ ወደ ማጣሪያ አይሄድም። በቀጥታ ወደ ጅረት፣ ከጅረቱ ወደ አናኮስቲያ ወይም ፖቶማክ፣ ከዚያ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ከአንድ መኪና አንድ ጊዜ የሚወጣ አሮጌ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹህ ውሃ ሊያበላሽ ይችላል። እነዚህ ወንዞች ዳር ነው ቅዳሜ ልጆቻችንን ይዘን የምንወጣው። አረፋውን በአሸዋ አስመጥጡት ያልኩት ለዚህ ነው።

የቀየራችሁትን ዘይትም መሬት ላይ አትድፉ። አገር ቤት የተቃጠለ ዘይት ምስጥ እንዳይበላው እንጨት ይቀባበታል፤ የለመድነው ነገር ነው። እዚህ ግን መሬት ላይ መድፋት በሕግ ያስጠይቃል፣ ማስወገድም ከባድ አይደለም። ዘይት የሚሸጡት ትልልቅ የመኪና ዕቃ መደብሮች ብዙዎቹ አሮጌውን በነጻ ይቀበላሉ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚኖር ሰው ሻዲ ግሮቭ ወዳለው የቆሻሻ ማዕከል ሊወስደው ይችላል። በራሱ ዕቃ ክዳኑ ተዘግቶ ይሁን፤ ከኩላንት ወይም ከቤንዚን ጋር አትቀላቅሉት፣ ከተቀላቀለ አይቀበሏችሁም።

ካጸዳችሁ በኋላ ነጣ ያለ ቦታ ቀረ

ሁለት ምክንያት አለው። የሳሙና ዝቃጭ ከሆነ በውሃ ይሄዳል። ውሃ ሲነካው ጠቁሮ ሲደርቅ መልሶ ከነጣ፣ ጠጠሮቹም ራቁታቸውን ከታዩ፣ ላይኛው ሬንጅ ተነስቷል። ጠጠሩ ካልተነቃነቀ ጥቁሩን የአስፋልት ማሸጊያ ቅባት መቀባት ይበቃዋል።

ማሸጊያው ቅባት እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ይላጣል

በየሁለት እስከ አራት ዓመቱ የሚቀባው ጥቁር ማሸጊያ ቅባት ዘይት ላይ አይዝም። አንዳንድ ሰው እድፉን ለመሸፈን ብሎ ይቀባል። በመጀመሪያው ክረምት ቅርፊቱ ይነሳል። መፍትሄው ከስር መጀመር ነው፦ የተላጠውን ፍቁ፣ ዘይቱን አጽዱ፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ለዘይት እድፍ ተብሎ የሚሸጠውን መነሻ ቅባት በስሱ ቀቡት። ሲደርቅ ማሸጊያውን ሁለት ስስ ዙር። አንድ ወፍራም ዙር ይሰነጠቃል።

ሙቀቱ ቀንም ሌሊትም ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሁን፤ ለ24 ሰዓት ዝናብ አይኑር። በእኛ አካባቢ ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ይመቻል። ከቀባችሁ በኋላ አንድ ሁለት ቀን መኪና አታስገቡ። አዲስ የተነጠፈ አስፋልት ከሆነ ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ።

ስትገዙ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የተሠራውን ተዉት። ነዳጅ ይቋቋማል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ ኬሚካሎች በብዛት አሉበት፤ እየተላጠ በጫማ ቤት ይገባል፣ ወንዝም ይገባል። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ከልክላዋለች፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲም በ2012። ከአስፋልት የተሠራውን ግዙ።

ይሰምጣል፣ ይፈረፈራል

በመጨረሻ ወደ ወዳጄ ጉድጓድ ልመለስ። እድፉ ላይ ቁልፍ ወይም ካቻቪቴ ጫን አድርጉ። እንደ ሌላው ቦታ ከጠነከረ ጉዳቱ ላይ ላዩን ነው፤ ማጽዳትና መቀባት ይበቃል። ካቻቪቴው ከገባ ወይም ጠጠሩ በእጅ ከተነሳ ማጣበቂያው የለም። ምንም ሳሙና አይመልሰውም። ቆርጦ ማውጣት ነው።

ዙሪያውን፣ ጠንካራው እስኪገኝ ድረስ፣ በኖራ አራት ማዕዘን አሠመርን። በመሮና በመዶሻ ጠርዙን ቀጥ አድርገን ቆረጥን። ጠርዙ ሰያፍ ከሆነ ጥገናው በቀላሉ ይነሳል። የቤት ድራይቭዌይ አስፋልት ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። የእሱ ጉዳት እስከ ታች ወርዶ ነበር፤ ከስር ያለው ጠጠር ሳይቀር ቤንዚን ይሸት ነበር። እሱንም አውጥተን በአዲስ ጠጠር ተካንና ጠቀጠቅነው። የሸተተው ጠጠር ውስጥ ቢቀር ኖሮ አዲሱን አስፋልትም ከታች ይበላው ነበር።

ከዚያ በከረጢት የሚሸጠውን ቀዝቃዛ አስፋልት ሞላን። ባለ 50 ፓውንዱ አንድ ከረጢት አልበቃንም፣ ሁለት ገባ። በአንዴ አትሙሉት። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሩ፣ ደቁሱ፣ እንደገና ጨምሩ። የመጨረሻው ከዙሪያው 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ላዩ ላይ ጣውላ አድርገን መኪናውን ሄድ መለስ አደረግንበት፤ ልክ ሆኖ ተቀመጠ። መኪና ወዲያው ሊሄድበት ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር ግን ወራት ይፈጃል። ማሸጊያውን የቀባነው በዓመቱ ነው።

ማንጠባጠቡ የቫልቭ ክዳን ጋስኬት ሆኖ ተገኘ። ተቀየረለት። ካርቶኑን ግን ወዳጄ እስካሁን በየጊዜው ይዘረጋል፤ ጠዋት ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።